ትራክተርና አይሱዙ ስንቀባ፦ ስለ ቀለሙ መበጥበጥ፣ ስለ መርጨትና ስለ ረጪው ሳንባ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር





አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ኮምፖስት የምናገር መስሎት ነበር። እኔ ግን ስለ ቀለም ልናገር አልኩ። "የልማት ሠራተኛን ከቀለም ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ያገናኘኝ ዛሬ ስትገቡ በር ላይ አበባ ታስሮላቸው ያያችኋቸው ሁለቱ ትራክተሮችና አይሱዙው ናቸው። ብዙዎቻችሁ "አዲስ ተገዛ እንዴ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አልተገዙም፤ ተቀቡ እንጂ። እንዴት እንደተቀቡና ምን እንዳስከፈሉን ደግሞ ዛሬ ልነግራችሁ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ አርሶ አደሩ ትራክተርን የሚለየው በቀለሙ ነው። ቀዩን ማሲ ፈርጉሰን፣ አረንጓዴና ቢጫውን ጆን ዲር ገና ከኮረብታው ማዶ ሳለ በስሙ ይጠራዋል። ሆኖም ፋብሪካው ቀለሙን የቀባው ለመታወቂያ ብቻ አይደለም። ላሜራ ከአየርና ከውኃ ጋር በተገናኘ ቁጥር ይዝጋል፤ ቀለም በመካከላቸው የገባ ልብስ ነው። ልብሱ በተቀደደበት ቦታ ዝገቱ ይገባና ከሥር ለሥር ይሄዳል። ላዩ ደህና መስሎ በጣት ሲጫኑት የሚሰበር ፓራፋንጎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ስንዴን ዋግ ከመታው በኋላ ከመሯሯጥ ቀድሞ መከላከል እንደሚሻለው ሁሉ ብረትንም መጠበቅ የሚገባው ገና ሳይበላ ነው።

በእኛ ዩኒየን ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም ማዳበሪያ ነው። ዩሪያም ሆነ ኤን ፒ ኤስ እርጥበት ይስባሉ። ከተቀደደ ከረጢት በአይሱዙው ካሶኒ ላይ የተበተነው ፍሬ በሌሊቱ ጤዛ ይሟሟና በየብየዳው ስፌትና በየብሎኑ ሥር ገብቶ ብረቱን ይበላል። ማዳበሪያ ያራገፈ መኪና በዚያው ቀን በውኃ ቢታጠብ ምን ያህል እንደሚተርፍ ሾፌሮቻችን ያውቁታል። ግን ማታ ደክሟቸው ይገባሉ፤ በማግስቱም ሌላ ጭነት ይጠብቃቸዋል። የእኛ ካሶኒ ወለሉ ወንፊት ሊሆን የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ፣ አጨዳው አልቆ ትራክተሮቹ ሥራ ሲፈቱ፣ እንዲቀቡ ተወሰነ። ሥራው ለተደራጁ ሦስት ወጣቶች ተሰጠ። እኔን ደግሞ "ርጭት ያው ርጭት ነው፤ አንተ የፀረ አረም አረጫጨት ታስተምር የለም ወይ?" ብለው ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ያን ጊዜ ስለ መኪና ቀለም የማውቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ የምነግራችሁ ከልጆቹ፣ ከቆርቆሮው ላይ ጽሑፍና በኋላም ጠይቄና አንብቤ የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማጽዳት። ቀለም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከመረጨቱ በፊት ነው። ትራክተር ናፍጣና ግራሶ የጠጣ ነገር ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቁት ሲሉ አንደኛው፣ ከሁሉም ልምድ ያለው፣ "ቅባቱ ሳይወጣ ከፈቀፈቅን ቅባቱን ወደ ጭረቱ ነው የምናስገባው" ብሎ አስቆማቸው። ልክ ነበር። መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ፣ ቀጥሎ በቅባት ማስለቀቂያ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማበስ ያስፈልጋል። ቅባት የቀረበት ቦታ ላይ ቀለሙ አልይዝ ብሎ ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ከማድረቅና እንደገና ከመፋቅ በቀር መድኃኒት የለውም። ዝገቱ በ80 ቁጥር ወረቀት ይፈቀፈቃል፣ ከዚያ ወደ 180 ይወረዳል፣ የመጨረሻው ቀለም ከመረጨቱ በፊት ደግሞ ፕራይመሩ በ320 ወይም በ400 ይለሰልሳል። ራቁቱን የወጣ ብረት ሳያድር ፕራይመር መልበስ አለበት፤ በእጃችን ላብ እንኳ ይዝጋል። አሮጌ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ፍቅፋቂው በውኃ እየረጠበ ይሁን፤ ዱቄቱ ከእህል መጋዘንና ከልጆች ይራቅ። ጎማውን፣ መስታወቱን፣ ራዲያተሩንና የዘይት ቱቦዎቹን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኑ። የሻንሲ ቁጥሩንም አትርሱ። እኛ ረስተን ለቦሎ ምርመራ ስንሄድ ቁጥሩ አልነበብ ብሎ በቲነር እየጠረግን ግማሽ ቀን አጥፍተናል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልግባ። የተገዛው አክሪሊክ ኢናሜል የሚባለው ነው። ቤትና በር ከምንቀባበት የዘይት ቀለም ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ፀሐይም ቶሎ አያደበዝዘውም። አበጣበጡ እንደ ፀረ አረም በልክ ነው፤ በግምት አይሆንም። በብዙዎቹ ቆርቆሮዎች ላይ የሚገኘው ልክ 8 እጅ ቀለም፣ 4 እጅ ቲነር፣ 1 እጅ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ሃርድነር የሚሉት ማጠንከሪያ ነው። በእኛ አነጋገር ለ2 ሊትር ቀለም 1 ሊትር ቲነርና ሩብ ሊትር ሃርድነር ማለት ነው። ያለ ሃርድነር ከሆነ ቀለሙ ሁለት እጅ፣ ቲነሩ አንድ እጅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ኩባንያው የሚለያይ ስለሆነ የሚታመነው በገዛችሁት ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ነው። ከሁሉ በፊት ቀለሙን ከታች ድረስ በደንብ ማማሰል ይገባል። ከባዱ ዱቄት ከሥር ስለሚዘቅጥ ሳይማሰል ከላይ የተቀዳ ቀለም ኮፈኑን አንድ መልክ፣ ፓራፋንጎውን ሌላ መልክ ያደርገዋል።

ቲነር ሁሉ አንድ አይደለም። ለአክሪሊክ ኢናሜል የተሠራውን መግዛት ያስፈልጋል። እርሱም ለብርድ የሚሆን ፈጣን፣ ለመካከለኛ አየርና ለሙቀት የሚሆን ዘገምተኛ ተብሎ ይለያል። በፀሐይ ላይ ፈጣኑን ከተጠቀማችሁ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይረጋጋ በአየር ላይ ይደርቅና እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቋጠረ ይሆናል። በብርድ ዘገምተኛውን ከተጠቀማችሁ ደግሞ ይወርዳል፣ ይንጠባጠባል፣ አቧራም ይሰበስባል። ቅጥነቱን ለመለካት ከሥሯ ቀዳዳ ያላት መለኪያ ኩባያ አለች። አራት ቁጥር የምትባለዋ ፎርድ ኩባያ ሞልታ ከ18 እስከ 22 ሰከንድ ውስጥ ብትጨርስ ለተለመደው መርጫ ደህና ነው። እኛ ኩባያዋ አልነበረችንም፤ ልጁ እንጨት ነክሮ ሲያነሳው የሚንጠባጠበውን በዓይኑ ይለካ ነበር። ከዚያም ወደ መርጫው የሚገባው ቀለም በስቶኪንግ ይጠለላል፤ አንዲት የደረቀች ቀለም ፍንጣሪ አፍንጫውን ከደፈነችው ሥራው ቆመ ማለት ነው።

እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ሰዓቱን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። በጥር ጠዋት ላሜራው ቀዝቅዞ ጤዛ ለብሶ ያድራል፤ በዚያ ላይ መርጨት ውኃ መቀባት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና የአውድማው ገለባ ሁሉ እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል። ወደ ማታ የተረጨው ሳይደርቅ ብርዱ ይደርስበትና በማግስቱ ወዙ ጠፍቶ እንደ አመድ ይሆናል። በመሆኑም እኛ የቀረን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ነበር። ትራክተሩን መጠለያ ሥር አስገብተን መሬቱን ውኃ እናርከፈክፍበት ነበር፤ አቧራውን ይይዘዋል።

አረጫጨቱን በተመለከተ የኮምፕሬሰሩ ውኃ ከሥር በየጠዋቱ ይፍሰስ፤ ያ ውኃ ከአየሩ ጋር ከወጣ ቀለሙን ያበላሻል። ለተለመደው ከሥሩ ጣሳ ያለው መርጫ ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር አካባቢ ይሁን። መርጫው ከላሜራው አንድ ስንዝር ያህል፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ። ክንድ እንጂ አንጓ አይዙር፤ አንጓ ሲዞር መካከሉ ይወፍራል፣ ዳርና ዳሩ ይሳሳል። አዲሱ መስመር የቀደመውን ግማሹን ይሸፍን። እዚህ ላይ የፀረ አረም ረጪ አርሶ አደሮቻችን ከማንም በላይ ይገባቸዋል፤ መስመር እየዘለሉ መርጨት ምን እንደሚያስከትል ማሳው ነግሯቸዋልና። መጀመሪያ ስስ አድርጎ መርጨት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ እርጥብ አድርጎ ሁለት ጊዜ መድገም ነው። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ መቸኮል እንባ ያወርዳል። የቀለሙ እንባ ማለቴ ነው፤ የባለ ንብረቱም ይከተላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ።

የመጀመሪያውን ትራክተር ያለ ሃርድነር ረጨነው። ኮፈኑ አማረ። ማታ ሳየው ግን አንድ ጎኑ የሳሳ መሰለኝና "ነገ አንድ ጊዜ ድገሙት" አልኳቸው። ትዕዛዙ የእኔ ነበር። በማግስቱ ሲደግሙት ዓይናችን እያየ ቀለሙ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጨማደደ። ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅሁት። ያለ ሃርድነር የተረጨ ኢናሜል ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው። ቆርቆሮው ከሚፈቅደው ጊዜ ውጭ ሌላ ቀለም ሲደረብበት አዲሱ ቲነር ወደ ውስጥ ገብቶ ያሳብጠውና ያነሳዋል። የሦስት ቀን ሥራና ያ ሁሉ ቀለም ከሰረ። ቀለም ሻጩ ዘንድ ሄደን ስንነግረው "ሃርድነር ጨምሩበት፤ አይጨማደድም፣ ናፍጣም አይነካውም" አለን። የተናገረው እውነት ነው። ሃርድነር ያለበት ቀለም ጠንካራ ነው፣ ወዙም ይቆያል፣ ናፍጣና ኬሚካልም ይችላል። ያልነገረን ሌላውን ነው። እኛም አልጠየቅንም።

ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ይህ ስም ለእኔ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ሕንድ አገር ቦፓል ከተማ ከፀረ ተባይ ፋብሪካ አምልጦ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀው ጋዝ ከዚሁ ወገን ነው፤ ሴቪን የምንለውን ፀረ ተባይ ለመሥራት የተቀመጠ ነበር። በቀለሙ ውስጥ ያለው ያው ራሱ አይደለም፤ እንደዚያኛው በቀላሉ ወደ አየር አይበንም። ሲረጭ ግን ጉሙ ይዞት ወደ ሳንባ ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ለዘለቄታው የሚያስታውሰው መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥቂቷም ብትሆን አስም ታስነሳለች።

ልጁ፣ ያ ልምድ ያለው፣ ፊቱን በሻሽ ጠምጥሞ ነበር የሚረጨው። ፀረ አረም በሻሽ የሚረጭ አርሶ አደር ሳይ የምቆጣ ሰው አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ቀለም ነው፣ የእኔ ሙያ አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። ይባስ ብሎ ሲጨርስ ሻይ ቤት ሄጄ ሁለት ብርጭቆ ወተት ገዝቼ አመጣሁለት። ወተት መርዝ ያጥባል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ በየጋራዡም ልማዱ ይኸው ነው። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ጉሙ የሄደው ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ያን ሌሊት ሲያስለው አደረ። ብርድ ነው ተባለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አይሱዙው ሲቀባ እርሱ መርጫ እንኳ አልያዘም፤ ጋቢናውን ጋዜጣ እያለበሰ ነበር። ገና ርጭቱ ሲጀመር ደረቱ ተያዘ፣ መተንፈስ አቃተው፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሐኪሙ እንዲህ ያለ ቀለም ወደሚረጭበት እንዳይጠጋ አዘዘው። ዛሬ በመጋዘናችን ሚዛን ላይ ይሠራል። ብዙዎቻችሁ ስንዴያችሁን የሚመዝንላችሁ እርሱ ነው። ይህን እንድነግራችሁ ፈቅዶልኛል፤ "ያቺን ኮፈን ግን ማን እንደቀባት ጨምረህ ንገራቸው" ብሎኛል። እርሱ ነው የቀባት።

በኋላ የሥራውን በጀት ወረቀት አየሁት። ቀለም አለ፣ ቲነር አለ፣ ሃርድነር አለ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕላስተር፣ የሠራተኛ ሻይ ሳይቀር አለ። ጭምብል የሚል መስመር የለም። ወረቀቱ ላይ የተቆጣጣሪ ፊርማ ያለበት ቦታ የእኔ ስም ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ዩኒየኑም ሆነ መሠረታዊ ማኅበራቱ ከእንግዲህ ቀለም ሲያስረጩ ጭምብል ከሌለ ሃርድነር አይገዛ። ጭምብል ስል በኮሮና ጊዜ የለመድነውን ጨርቅ ማለቴ አይደለም። ለሃርድነር የሚመከረው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ፣ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ዓይነት ነው። ከሰል ያለበት ጭምብል ከሻሽ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን አይሶሳያኔት በሽታው ስለማያስጠነቅቅ ከሰሉ መቼ እንዳለቀ ረጪው አያውቅም። የጋራዡን ኮምፕሬሰር ቱቦ አፍ ላይ ገጥሞ መተንፈስ የሚያስብ ካለም ይተው፤ ዘይትና የተቃጠለ ጭስ ያመጣል። ዓይንና ቆዳም ይሸፈን፤ ጓንት፣ መነጽር፣ ቱታ ያስፈልጋል። በአካባቢው ሰው አይቁም፤ የእኛ ልጅ ሁለተኛውን ጉዳት ያገኘው ቆሞ ሳለ ነው።

ይህ ሁሉ ካልተቻለ ያለ ሃርድነር እንቀባ። ጥንካሬው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት ይወስዳል፤ እስከዚያ ናፍጣ እንዳይፈስበትና በኃይለኛ ውኃ እንዳይታጠብ መጠበቅ አለበት። ንብርብሮቹንም በዚያው ቀን መጨረስ እንጂ እንደ እኔ ማታ አይቶ ጠዋት ማስደገም አይገባም። ምናልባት ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና መቀባት ይኖርብን ይሆናል። እንቀባዋለን። ያለ ሃርድነርም ቢሆን ቲነሩ ራሱ ራስ ያዞራል፣ ያሳምማልና አየር በሚገባበት ቦታ ይሠራ፣ ከሰል ያለው ጭምብልም አይቅር።

ሳልረሳ ስለ ቲነር አንድ ነገር ልጨምር። ቲነር በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ውኃ ይመስላል፤ የተጠማ ልጅ አያጣራም። ይህ ለፀረ አረምም ስንት ጊዜ የተናገርኩት ነው። ባዶ የቲነር ጀሪካንም ለጠላ ወይም ለውኃ አይሁን፤ ተበስቶ ይጣል። በሚረጭበት ቦታ ብየዳ፣ ሲጋራና የቡና ከሰል አይኑር። ትነቱ ከባድ ስለሆነ በመሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል።

እንግዲህ ስትወጡ ትራክተሮቹን ዞር ብላችሁ እዩአቸው። የመጀመሪያው ኮፈን በግራ በኩል፣ መብራቱ ሥር፣ የመዳፍ ያህል የተጨማደደ ቦታ አለ፤ እንዳይፈቀፈቅ የለመንኩት እኔ ነኝ። አየር በቱቦ የሚያመጣውን ጭምብል ደግሞ ለዛሬ ከአንድ ጋራዥ በውሰት አምጥቼ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የቦርድ አባላት በተለይ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እዚያው ነኝ።